«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ስለ ሁለቱ ልጆቼ፣ ስለ ኤዲኤችዲና ስለ ትራውማ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የተማሪዬ እናት ልጇን በክንዱ ይዛ ክፍል ድረስ መጣችና «ቲቸር ኧረ ምን ላርገው፣ መከርኩት፣ ገረፍኩት፣ ጸበል ወሰድኩት፣ አንድ ቦታ አይቀመጥልኝም፣ ቀልብ ሚባል ነገር የለውም» ብላ አለቀሰች። ልጁ ከጎኗ ቆሞ የበሩን መቀርቀሪያ ይነካካል። እኔም የዛሬ 4 ዓመት በዚሁ ቃል ነው ያለቀስኩት፣ ያውም በሁለት ልጅ። ለሷ ስለ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የመቀዥቀዥ ችግር) እና ስለ ትራውማ (ከባድ አደጋ አእምሮ ላይ ሚተወው ጉዳት) ቁጭ ብዬ የነገርኳትን ነው እዚህ ምጽፈው፣ ረዘም ስላለ ይቅርታ፣ ግን እኔ ያኔ ሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ።

ምኖረው እንጅባራ ነው፣ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ልጅ ነው ማሳድገው። አንደኛው የራሴ ነው። ሌላው የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ መተከል ነበር ሚኖረው፣ በ2013 እዛ በነበረው ግድያ ሞተ፣ ቤቱም ተቃጠለ፣ ሚስቱ ጨቅላዋን አዝላ ትልቁን በእጇ ይዛ ጫካ ለጫካ በእግር ወጥታ ቻግኒ ራንች ሚባለው መጠለያ ገባች። በዛ ዓመት እዛ የነበረውን የሰው ብዛት ያየ ያውቀዋል። የካቲት ላይ ሄጄ ትልቁን አመጣሁት፣ 6 ዓመቱ ነበር፣ የኔም 6 ሊሞላው 2 ወር ነበር የቀረው። እኩያ ናቸው፣ አብረው ያድጋሉ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የወንድሜ ልጅ ሲመጣ «አንቱ» ነበር ሚለኝ፣ የገጠር ልጅ ስለሆነ አልገረመኝም፣ ሲያዙት ይታዘዛል፣ ምግብ ከጨረሰ ሳህኑን ያነሳል። ግን አይተኛም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስነሳ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በሩን እያየ አገኘዋለሁ። ቀን ቀን ደግሞ እግሩ አያርፍም፣ ተናግረህ ሳትጨርስ ተነስቶ ወጥቷል፣ ጥራልኝ ያልከውን ረስቶ ሌላ ቦታ ታገኘዋለህ።

ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲቃረብ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ። የጅራፍ ድምፅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጯ ሲል ተራራው ይመልሰዋል። የኔ ልጅ አብዶ ሮጦ ወጣ። የወንድሜን ልጅ ግን ስፈልገው አጣሁት፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ጓዳ የጤፍ ጆንያ ኋላ ነው ያገኘነው፣ ሱሪውን አርጥቦ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ። እኔ ያኔ ምን እንዳልኩ ልናገር፦ «ትልቅ ልጅ ሆነህ አታፍርም?» አልኩት። ይሄ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

በ2014 ሁለቱንም 1ኛ ክፍል አስገባናቸው። ገና በ3ኛው ሳምንት አስተማሪያቸው ጠርታኝ «ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ቀዥቃዣ ናቸው፣ አይጽፉም፣ አይሰሙም፣ ከወንበር ወንበር ነው» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሁለቱንም በአርጩሜ ገረፍኩ። የኔ ልጅ አልቅሶ በ5 ደቂቃ ረሳው፣ በነጋታውም ያንኑ ነገር ደገመው። የወንድሜ ልጅ አላለቀሰም፣ ዓይኑ ብቻ ፈጠጠና ደረቀ፣ ከዛ 2 ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ልዩነቱ እዛው ፊቴ ላይ ነበር እኮ፣ አላየሁትም።

ጸበልም ወስጃቸዋለሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፣ አሁንም እንሄዳለን፣ ግን ሰው በሚጮህበትና በሚወድቅበት ሰዓት ነበር የወሰድኩት፣ የወንድሜ ልጅ ከዛ በኋላ ለሳምንት ያህል ጨርሶ እንቅልፍ አጣ። አሁን ጠዋት በማለዳ ሰው ሳይበዛ ነው ምንሄደው፣ አብሮኝ ደስ ብሎት ይሄዳል።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ በ10 ደቂቃ ጨርሶ ሸኘን። የኔን ልጅ «ቅብጠት ነው፣ ያድግበታል» አሉት፣ የወንድሜን ልጅ ደግሞ «ይሄኛው ኤዲኤችዲ ነው» አሉት። አንድ ጥያቄ አልጠየቁም፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ሌሊት ይተኛ እንደሆነ፣ ምንም። ኋላ ላይ እንደተረዳነው በግልባጩ ነበር።

ጥር 2015 ላይ ሰው መክሮኝ ባሕር ዳር ሥነ አእምሮ ክፍል ወሰድኳቸው፣ ከኛ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን። የተቀበለን ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ነበር፣ ስለ ሁለቱም ለየብቻ። ስለ ራሴ ልጅ ስመልስ ሳላስበው «ከተወለደ ጀምሮ» አልኩ፣ ሆዴ ውስጥም አያርፍም ነበር፣ በ3 ዓመቱ ቆጥ ላይ ወጥቶ ወድቋል፣ በዓመት 3 ሹራብ ይጥላል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያው፣ አያቱ ጋ ዳንግላም ያው፣ አማቴ ደግሞ ሁሌ «አባቱን ቁርጥ፣ አባቱም እንዲሁ አቃጥሎኝ ነው ያደገ» ትላለች። ስለ ወንድሜ ልጅ ስጠየቅ ግን ዝም አልኩ። አላውቅማ። እናቱ ጋ ስልክ ደወልን። «ኧረ እሱ እኮ ዝምተኛ ነበር፣ አባቱ ጋ ከብት ሲጠብቅ ውሎ አንድ ጥጃ እንኳን አይጠፋበትም፣ ቁጭ ብሎ ተረት ሚሰማ ልጅ ነበር» አለች። እዛው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

ባለሙያው ያስረዳኝን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ኤዲኤችዲ ለመባል ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው፣ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ቦታ መታየት አለባቸው፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም። በዘር የመውረድ ድርሻው ትልቅ ነው፣ መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከ70 እስከ 80 በመቶ ያደርሱታል፣ የእናት ስንፍና ወይም የስኳር ብዛት ያመጣው አይደለም። የልጁ አንጎል ፊት ለፊት፣ ግንባር ኋላ ያለው፣ «ቆይ፣ አስብ፣ ተራህን ጠብቅ» ሚለው ክፍል ከእኩዮቹ ዘግይቶ ነው ሚበስለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ በወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ወደ 3 ዓመት የሚጠጋ መዘግየት ታይቷል። ስለዚ ትዕግሥት ላይ የ8 ዓመት ልጄን ከዕድሜው አሳንሼ ነበር መጠበቅ የነበረብኝ።

ትራውማ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው ግን እዛው ቦታ ያደርሳል። ልጅ ከባድ አደጋ ካየ በኋላ ሰውነቱ አደጋው ያለቀ አይመስለውም፣ እንደ አድሬናሊን ያሉ የድንጋጤ ሆርሞኖች ቶሎ ቶሎ ይረጫሉ፣ አሚግዳላ ሚባለው የአንጎል ክፍል እንደ ዘብ ይነቃል፣ ያ ግንባር ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ይደክማል። እንደዚህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ትኩረት የለውም ይባላል እንጂ ትኩረትስ አለው፣ ሙሉ ትኩረቱ በሩ ላይ ነው፣ መስኮቱ ላይ ነው፣ ከኋላው ያለው ሰው እጅ ላይ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሚተርፍ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ደርቆ ይቀራል፣ ቁጭ ብሎ እያለ የለም፣ እሱን «ሕልመኛ» እንለዋለን። እንቅልፍ ማጣቱ ሲጨመርበት ከኤዲኤችዲ ለመለየት በጣም ይከብዳል።

ለዚህ ነው ባለሙያው ደብተር ያስያዘኝ። ለሦስት ሳምንት፣ ለሁለቱም ለየብቻ፣ ልጁ ሲነሳ ወይ ሲረብሽ ከዛ በፊት ምን ነበረ፣ ምን አደረገ፣ ከዛ በኋላ ምን ሆነ ብዬ እንድጽፍ። አስተማሪያቸውም ክፍል ውስጥ ያየችውን ትነግረኝ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ከወንድሜ ልጅ ገጽ ልጥቀስ፦ «ማክሰኞ 4 ሰዓት፣ የግቢው የብረት በር ጓ አለ፣ ተነሳ፣ መስኮት ጋ ሄደ፣ እስከ እረፍት አልተቀመጠም።» «ረቡዕ ጠዋት፣ ጎረቤት ገለባ አቃጠሉ፣ ጭሱ ገባ፣ ቁርስ አልበላም፣ ወንድሙን መታ።» «ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናብ ነበር፣ ሰው አልነበረም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሥዕል ሣለ።» አንድ ሰዓት ሙሉ! ቀዥቃዣ የተባለው ልጅ። የኔን ልጅ ገጽ ብታዩት ግን ድምፅ ኖረ አልኖረ፣ ጭስ ኖረ አልኖረ ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ነው፣ «ተነሳ፣ ጣለ፣ ረሳ፣ አቋረጠ፣ ተነሳ»፣ ማታ ሲሆን ደግሞ እንደ ግንድ ይተኛል።

በመጨረሻ የኔ ልጅ ኤዲኤችዲ ተባለ፣ የወንድሜ ልጅ ፒቲኤስዲ (ከትራውማ በኋላ ሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ተባለ። የጆሮና የዓይን፣ የደም ማነስ ምርመራም ተደርጎላቸዋል፣ ይሄን አትርሱ፣ በደንብ ሚያይ ሚሰማ መሆኑ ሳይረጋገጥ ስም መስጠት ልክ አይደለም።

ግን ሁለቱ ነገሮች ሁሌ እንደዚህ ተለያይተው አይመጡም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብሮ አደጌ አሜሪካ የልጆች ነርስ ናት፣ እሷ ነች ብዙ ያስረዳችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ሳንዲያጎ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር፣ ተደብድበህ ነበር ወይ፣ ቤት ውስጥ ሰካራም ነበረ ወይ፣ እናትህ ትመታ ነበር ወይ እያሉ፣ መከራው በበዛ ቁጥር በኋላ ሚመጣው በሽታም እየበዛ ሄዶ አገኙት። ከዛ ወዲህ በዛው አገር ልጆች ላይ የተሠራ ጥናትም መከራ የበዛባቸው ልጆች ኤዲኤችዲ የመባል ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ ያለባቸውም እንደሚብስባቸው አሳይቷል። ከሁሉም እኔን የነካኝ የሮማኒያ ልጆች ነገር ነው፣ አምባገነኑ መሪያቸው ቻውሼስኩ ሲወድቅ ማሳደጊያ ውስጥ ተጥለው የተገኙ፣ እንግሊዝ ሄደው ጥሩ ቤተሰብ ያሳደጋቸው፣ ከ6 ወር በላይ እዛ የቆዩት ላይ የትኩረት ችግሩ የተወሰኑትን እስከ አዋቂነት ተከትሏቸዋል። እና «ኤዲኤችዲ ዘር ብቻ ነው» ማለትም ልክ አይደለም፣ «ሁሉም ትራውማ ነው» ማለትም ልክ አይደለም። ደግሞ በሌላ በኩል ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ብዙ ይገረፋል፣ ብዙ ይወድቃል፣ ብዙ ይሰደባል፣ ያ ራሱ ሌላ ጉዳት ይሆንበታል። የኔን ልጅ እኔው ራሴ ነኝ በአርጩሜ እየጎዳሁት የነበረው።

ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ በክልላችን ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ባሕር ዳር የነበረን ቀጠሮም በዛው ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት ተኩስ ቀርቦ ተሰማ፣ ሁላችንም መሬት ተኛን። የወንድሜ ልጅ አንዲት ጣት አላንቀሳቀሰም፣ ትንፋሹ ራሱ አይሰማም። የኔ ልጅ መተኛት አቃተው፣ 3 ጊዜ ተነስቶ በመስኮት ሊያይ ሲል ወንድሙ ከመሬት ሳይነሳ ሸሚዙን ይዞ ወደታች ጎተተው፣ «ተኛ፣ ራስህን ዝቅ አርግ፣ ሲያልቅ እነግርሃለሁ» አለው በሹክሹክታ። የ8 ዓመት ልጅ። ክፍል ውስጥ ሰባት ጊዜ «ተቀመጥ» ተብሎ እንኳን ሚቀመጥ አልመስለኝ ያለው ልጅ። ሁለቱን የለየው የዛን ቀን ወለሉ ላይ ያየሁት ነው፣ ከሐኪሙ ወረቀት በላይ። ከዛ ወራት በኋላ ደግሞ የኔም ልጅ እየባሰበት ሄደ፣ ጥፍሩን እስኪደማ ይበላል፣ ሌሊት ይቃዣል፣ አሁን እሱም ሁለቱንም ይዟል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ያዘጋጀው የልጅነት መከራ መጠይቅ ጦርነትና ግጭትን ጨምሯል፣ የመጀመሪያው የአሜሪካኖቹ መጠይቅ ግን ይሄን አልጠየቀም። የኛን ልጆች በዛ ብቻ ብትለካቸው ምንም ያልደረሰባቸው ይመስላሉ።

ሌላ ልናገር ምፈልገው ነገር ልጁ ማነው ሚለው ነው። ያቺ ጓደኛዬ እንደነገረችኝ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጆች ያው ምልክት እያላቸው ከነጮቹ ልጆች ያነሰ ነው ኤዲኤችዲ ተብለው ሚታከሙት፣ እነሱን «እምቢተኛ፣ ጠበኛ» ማለት ይቀናቸዋል፣ ስለ ደረሰባቸውም ሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ የኛው ስታፍ ሩም ነው የታወሰኝ። የከተማው ሰው ልጅ ሲቀዠቅዥ «ንቁ ነው» እንላለን፣ የተፈናቃይ ልጅ ያንኑ ሲያደርግ «እዛ ሰፈር ያደገ ምን ይሁን» ይባላል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴት ልጅ ሆና ዝም ብላ በሐሳብ ምትሄደዋን ደግሞ ማንም አያያትም። አንድ ዓመት እኔ ራሴ አንዲት ልጅ «ትኩረት የላትም» ብዬ ሪፖርት ጽፌባታለሁ፣ ለካ ቤቷ ሙሉ በሙሉ አዊኛ ነው ሚነገረው፣ እኔ ደግሞ በአማርኛ ነበር ማስተምራት፣ ግማሹ አይገባትም ነበር። በአዊኛ ሳናግራት ዓይኗ በራ። ከዛ ወዲህ በልጁ ቋንቋ ሳይጠየቅ ስለ ትኩረቱ ምንም አልጽፍም።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ሁለቱ ላይ የተለያየ ስለሆነ ነው ምለፋው። ክፍል ውስጥ የኔን ልጅ ፊት ለፊት፣ ከበርና ከመስኮት አርቀን አስቀመጥነው። የወንድሜን ልጅ ግን ግድግዳ ከኋላው አድርገን በሩን ማየት ሚችልበት ጥግ፣ ምክንያቱም በሩ ካልታየው ሙሉ ቀን ሲዞር ነው ሚውለው፣ ሲታየው ግን ቀስ በቀስ ማየቱን ይተዋል። ሁለቱንም ፊት ቢያስቀምጧቸው አንዱ ይድን ነበር አንዱ ይብስበት ነበር። ማንም ከኋላ መጥቶ ትከሻውን እንዳይነካው ለሁሉም አስተማሪ ነገርኩ፣ መጀመሪያ ስሙን ጠርቶ፣ ከፊት መጥቶ። ድምፅ ሚመጣ ከሆነ ቀድሞ ይነገረዋል፣ «አሁን ደወል እመታለሁ» ይባላል፣ በቃ። ለኔ ልጅ ትዛዝ አንድ በአንድ ነው፣ «ጫማህን አርግ» ብቻ፣ አርጎ ሲጨርስ «ጎሽ» ከዛ ቀጣዩ፣ ውኃ ቅዳ ሰሌዳ ጥረግ እያልኩ እንዲነሳ ፈቃድ እሰጠዋለሁ። አርጩሜውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ማታ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እራት፣ ከዛ ተረት፣ ከዛ መኝታ፣ መብራት ኖረ አልኖረ። ይሄ ማታ ማታው ለሁለቱም ሠርቷል።

ፈረስም አለ። አዊ እንግዲህ የፈረስ አገር ነው፣ ጥር 23 ሲሆን ያለውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ታውቃላችሁ። ጎረቤታችን ጋሼ ፈረስ አላቸው፣ የወንድሜን ልጅ ጋማ ማበጠር አስለመዱት። ፈረስ ድንጉጥ ነው፣ አንተ ከደነገጥክ ይደነግጣል፣ ልጁ ለፈረሱ ብሎ ትንፋሹን ረጋ ማድረግ ለመደ፣ «አይዞህ፣ በር ነው» ሲለው ሰምቼዋለሁ። ሐኪሙ ያስተማረውን የመተንፈስ ልምምድ እኔ ጋ እምቢ ብሎ ፈረሱ ጋ ይሠራዋል። አንድ ቀን ከዛ ሲመለስ «አክስቴ፣ ርቦኛል፣ ምን አለሽ?» አለኝ። አለሽ! ከ3 ዓመት «አንቱ» በኋላ። ዞሬ ወጥ ማውጣት ጀመርኩ፣ ፊቴን እንዳያይ።

ስለ መድኃኒት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ሜቲልፌኒዴት ሚባለው ለኤዲኤችዲ ብዙ ልጆችን ይረዳል፣ የኔም ልጅ መንገድ ሲከፈት ጀምሯል፣ ጽሑፉ ላይ ለውጥ አይቻለሁ፣ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚቀንስበት ቁርስ አብልቼ ነው ምሰጠው፣ ክብደቱንም እየተከታተሉ ነው። ግን ትራውማን አያክምም፣ እና እባካችሁ የአንዱን ልጅ ኪኒን ለሌላው አትስጡ፣ አንዲት ዘመዴ ልትሰጥ ስትል ነው የደረስኩት። ገና ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ላይ መጀመሪያ ወላጅን ማሠልጠን ነው ሚለው። ስትሄዱ ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ በሕፃንነቱ ሚያውቀው ሰው ስልክ ይኑራችሁ፣ ልጁ ያየውን ነገር ግን እሱ ፊት አትዘርዝሩ፣ ውጭ ሲሆን ተናገሩ።

የወንድሜ ልጅ አሁን 11 ዓመቱ ነው። ይተኛል። ትምህርት ላይ አሁንም ሚጠፋበት ሰዓት አለ፣ ሐኪሙ «ምናልባት ኤዲኤችዲም ሊኖርበት ይችላል፣ እንየው» ብሏል፣ እያየን ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከቡሄ በፊት ባለው ማታ፣ «ነገ ጅራፍ አለ አይደል?» አለኝ። «አለ፣ ጠዋት ይጀምራሉ» አልኩት። «እሺ» አለ። ጠዋት የመጀመሪያው ሲጮህ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ፣ አየኝ፣ አየሁት፣ ተነስቶ ደጅ ወጣና በሩ ላይ ቆሞ ማን እንደሚያጮኸው አየ፣ ወንድሙ ነበር። ተመልሶ ገባ፣ ማንኪያውን አነሳና ገንፎውን በላ።